ሌሊቱን ምድጃ ላይ ያደረው ሾርባ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰቦች ለእራት ወደየቤታቸው ይዘውት የሚሄዱትን ምግብ በሚያዘጋጅ አንድ ወጥ ቤት እሠራ ነበር። ብርድ በሚበረታበት ወቅት ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ወፍራም ሾርባ ስለነበረ እሱን የመሥራቱ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ሥራውንም ከልቤ እወደው ነበር።

በብዛት የምሠራው የቦሎቄ ሾርባ ነበር። ቀይ ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ሳይጠቁሩ በዝግታ አቁላላለሁ፤ ውኃ ውስጥ ያደረውን ቦሎቄ አጥልዬ በአዲስ ውኃ እጨምርና ደህና አድርጌ አፈላዋለሁ፤ ከዚያም እሳቱን ቀንሼ እስኪለሰልስ እተወዋለሁ። ቲማቲም የምጨምረው ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ቦሎቄው ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋልና። በመጨረሻም ከቦሎቄውና አብሮት ከበሰለው ድንች ጥቂት ጭልፋ አውጥቼ አደቅና መልሼ አዋህደዋለሁ። ያለ ዱቄትና ያለ ክሬም እንዲህ የወፈረ ሾርባ ሳህን ላይ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ በብርድ ምሽት የሚወደደውም በዚሁ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ለማግስቱ የታዘዘውን 40 ሊትር ሾርባ ሠርቼ ስጨርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ እስኪነጋ በራሱ ይቀዘቅዛል ብዬ እሳቱን አጠፋሁ፤ ድስቱንም እንደተከደነ ትቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ሾርባው ላይ ጥቃቅን አረፋ ተንሳፎ አገኘሁት፤ ሽታውም ኮምጥጧል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ቴርሞሜትራቸውን መሀሉ ድረስ ሲያስገቡት ወጥ ቤቱ በብርድ ተቆራምዶ ባደረበት ሌሊት የድስቱ መሀል ገና 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ደንግጬ «እንደገና ባፈላውስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይሆንም፤ ማፍላት ባክቴሪያውን ቢገድልም አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ በሙቀት አይጠፋም» አሉኝና 40ውም ሊትር ተደፋ። በዚያ ቀን ሾርባ አዝዘው ለነበሩት ቤተሰቦች እየደወልኩ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔው ነኝ፤ ልጆቿን ይዛ ለመምጣት ስትነሣ ያገኘኋት የአንዲት እናት ድምፅ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ኃላፊዬ አልተቆጡኝም፤ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ቀጭን መረቅ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው ወደ ታች እየወረደ፣ ሞቃቱም ወደ ላይ እየወጣ ራሱን ያገላብጣል። ወፍራም ሾርባ ግን እንደዚያ ስለማይንቀሳቀስ የመሀሉ ሙቀት መውጫ አጥቶ ለሰዓታት ይታፈናል፤ ክዳን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እንደ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ያሉ ባክቴሪያዎች ስፖራቸው፣ ማለትም እንደ ዘር ያለው ጠንካራ ቅርጻቸው፣ መፍላትን ተቋቁሞ ይተርፋል፤ ሾርባው ለብ ባለ ጊዜም ነቅቶ በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ በሙያው የሚሠራበት ልክ ሾርባው በ2 ሰዓት ውስጥ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ ያዝዛል። ያን ያህል ዓመት በምድጃ ፊት ቆሜ ስለ ማብሰል ብዙ ሳውቅ፣ ስለ ማቀዝቀዝ ግን ምንም አለማወቄ አሳዘነኝ።

ከዚያ ወዲህ የሾርባው ሥራ እሳቱ ሲጠፋ አያበቃም። ድስቱን በረዶ በተሞላ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ አማስለዋለሁ፤ ከዚያም ከ5 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ወደ ሰፋፊ ትሪዎች ገልብጬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ እስኪቀዘቅዝም አልከድነውም። ሰዓቱንና ዲግሪውን የምጽፍበትን ወረቀት በሩ ላይ ለጥፌአለሁ።

በቤቴም ልማዴን ለውጫለሁ። ለቤተሰብ እራት የሚሠራ ድስት ትንሽ ቢሆንም ለነገ የሚተርፈውን ተበልቶ እንዳለቀ፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥም እንጨርሰዋለን። ፓስታ ወይም ሩዝ የሚገባበት ሾርባ ከሆነ ለብቻው ቀቅዬ በየሳህኑ እጨምራለሁ እንጂ ከሾርባው ጋር አላሳድረውም፤ መረቁን ሁሉ ጠጥቶ ገንፎ ይሆናልና። ስናሞቀውም የሚበላውን ያህል ብቻ አውጥቼ እስኪንተከተክ አፈላዋለሁ፤ የቀረው ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ ይቆያል።