ዣዶር ቆዳዬ ላይ፣ አንድ እሁድ በሐዋሳ

ሽቶን ወረቀት ላይ አሽትታችሁ አትፍረዱ። ዲዮር የሚባለውን የፈረንሳይ ድርጅት ሽቶ፣ ዣዶርን፣ መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ወረቀት ላይ አሽትቼ «ይሄማ ጁስ ነው» ብዬ ትቼው ወጥቼ ነበር። ተሳስቻለሁ። ባለፈው እሁድ ጠዋት የእጄ አንጓና አንገቴ ላይ ረጭቼው ወጣሁ፣ ቀኑን ሙሉ ተከታተልኩት።

መጀመሪያ ፍሬው ነው የሚመጣው። ፒር፣ ሜሎን፣ ኮክ፣ ትንሽ መንደሪን። ልክ በጣም የበሰለ ኮክ ስትገምጡ ጭማቂው እጃችሁ ላይ ሲወርድ። ደስ ይላል፣ ግን ባጃጅ ይዤ ገብርኤል እስክደርስ ግማሹ ሄዷል። የፍሬ ጠረን ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይተናል፣ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል።

ከቅዳሴ ወጥቼ ፍቅር ሐይቅ ስደርስ ግን አበባው ወጥቶ ነበር። እኔን የማረከኝ እዚህ ጋ ነው። ጃስሚን፣ ጽጌረዳ፣ ቱበሮዝ፣ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት እስኪያቅት አንድ ላይ ሆነው። ጃስሚን አበባ ውስጥ ኢንዶል የሚባል ነገር አለ፤ ብቻውን ሲበዛ ደስ አይልም፣ በትንሹ ሲሆን ግን ሽታውን የሞቀ ገላ ያስመስለዋል። ወረቀት ሙቀት የለውም፣ ቆዳ አለው፤ ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ያልገባኝ። ከሐይቁ ነፋስ ሲመጣ አንጓዬን ሳላነሳ እንኳ ይሸተኝ ነበር።

አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ ጠፋብኝ። የተጠበሰ ዓሣና ሚጥሚጣ ያለበት ቦታ የትኛው ሽቶ ይችላል? ስንወጣም አልተመለሰም፤ አለቀ ብዬ አዘንኩ። ወደ አስር ሰዓት እናቴ ጋ ቡና ልጠጣ ስገባ ግን «አንቺ ልጅ፣ ምን ተቀብተሽ ነው ቤቱን እንዲህ ያወድሽው?» አለችኝ። ለካ የለመደው የኔ አፍንጫ ነው! አብሮን የዋለ ሽታ ለራሳችን ይጠፋናል፣ ለሌላው ግን አለ። ስለዚህ ጠፋ ብላችሁ ደጋግማችሁ አትርጩ። ቆዳችሁ ደረቅ ከሆነ ቀድማችሁ ትንሽ ቫዝሊን ተቀቡ፣ በደንብ ይይዘዋል። አንጓና አንጓችሁንም አታፋትጉ።

የማልወድለት መጨረሻውን ነው። መስክ (musk) የሚባለው የሽቶ ጠረንና ቫኒላ ብቻ ይቀራል፣ ለስላሳ ነው፣ እኔ ትንሽ ጠንከር ቢል እመርጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ላጥፍ ሳነሳው ያ ለስላሳ ሽታ አሁንም አለ። ሳላጥበው መልሼ ሰቀልኩት።