የታረሰበት ሰዓት

አባቴ በወለቃ ባለ እጅ ነበሩ። የጎንደር ዙሪያ ገበሬ የደነዘ ማረሻውን ይዞ ሲመጣ እሳቱን ከማንደዳቸው በፊት ብረቱን አገላብጠው ያዩታል። ጫፉ ተበልቶ ያለቀ ማረሻ ላመጣ ሰው ወንበር ይስቡለታል። ሙሉ ሆኖ ዝገት ብቻ የለበሰ ማረሻ ሲያዩ ግን «ይህ የት ተኝቶ ከረመ?» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ወናፍ እነፋ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ባጓጓዘው በሰለሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስራኤል ስንገባ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መዶሻውና ጉጠቱ እዚያው ቀሩ።

ዛሬ የምኖረው ኤይላት ነው። የሆቴል መዋኛ ገንዳ ፓምፖችን እጠግናለሁ፤ ዕረፍት ሳገኝ ቀይ ባሕር ውስጥ እጠልቃለሁ። እጄ ላይ ያለው ሰዓት ሮሌክስ ሰብማሪነር ነው፤ ቀን የማያሳየው፣ 14060ኤም የሚባለው፣ መስታወቱን የሚከብ ጥቁር የአሉሚኒየም ቀለበት ያለው። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ለዚያውም አራት ዓመት አጠራቅሜ። በዚህ ሰዓት እንደምጠልቅ የሚያውቁ ሰዎች ይደነግጣሉ። «ለውኃ ርካሽ ሰዓት አድርግ፤ ይህን ለሠርግ አስቀምጠው» ያለኝ ሰው ቁጥር የለውም። ለመጥለቂያ የተሠራን ሰዓት ከውኃ ጠብቀው ሲሉኝ ያ ዝገት የለበሰ ማረሻ ይታየኛል።

እነዚህ ሰዓቶች እንዴት እንደ ተወለዱ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ የሚመክር አይመስለኝም። ብላንፓን የተባለው የሰዓት ኩባንያ መሪ የነበረው ዣን ዣክ ፊሽቴር ራሱ ጠላቂ ነበር፤ ደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ውስጥ ሳለ ጊዜው ሳይታወቀው አየሩ አልቆበት በጭንቅ ወጥቷል። በዚያው ዘመን ሮቤር ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ የተባሉ መኮንኖች የፈረንሳይን ተዋጊ ጠላቂዎች ሲያደራጁ በጨለማ ውኃ ውስጥ የሚነበብ ሰዓት አጥተው ይቸገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የብላንፓን ሰዓት፣ ፊፍቲ ፋተምስ፣ የዚህ ጭንቀት ልጅ ነው። ሰብማሪነርም የዚያው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ለጠላቂዎቹ ያደለው ሰብማሪነር፣ ማሰሪያው በድንገት ተላቆ እንዳይጠፋ የማይነቀል ዘንግ የተደረገለት የመንግሥት ንብረት ነበር። እንደ ጫማና እንደ ቢላዋ የሚታደል ዕቃ ማለት ነው። ያ በጭቃና በጨው የተቧጨረ የወታደር ሰዓት ዛሬ በጨረታ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ገዢው ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው ሰዓቱ ስለ ሠራ ነው። ታዲያ የራሳችንን ለምን ከሥራ እንከለክለዋለን?

ሥራው ቀላል ነው። ውኃ ከመግባቴ በፊት ቀለበቱን አዙሬ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ትይዩ አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገኝም፤ ደቂቃ ቆጣሪው በቀለበቱ ላይ የሚያመለክተው ቁጥር ውኃ ውስጥ የቆየሁበት ጊዜ ነው። ቀለበቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል። ምክንያቱን የተረዳሁ ቀን በጣም ተደስቻለሁ። ድንጋይ ወይም ገመድ ነክቶት እኔ ሳላውቅ ቢዞር፣ የቆየሁበትን ጊዜ ያበዛዋል እንጂ አያሳንሰውም፤ ስሕተቱ ቀድሜ እንድወጣ ያደርገኛል። አባቴም የማጭድ እጀታ ሲያበጁ የአጫጁ እጅ ቢያዳልጥ ወዴት እንደሚሄድ አስበው ነበር የሚያበጁት። ማስተዋሉ አንድ ዓይነት ነው።

አባቴ እስከ ዛሬ ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ነው። እኔ ሰባት ሰዓት የምለውን እርሳቸው አንድ ሰዓት ይሉታል፤ በስልክ ስንቀጣጠር ሁልጊዜ ስድስት መቀነስ ወይም መጨመር አለብኝ። ቀለበቱ ላይ ግን ሁለታችንም እንስማማለን። ቀኑ ሲጀምር መቁጠር ከሚጀምር ሕዝብ ስለ ተወለድኩ ይሆናል፣ ቆጠራውን ከሥራው መጀመሪያ የሚያስነሣ መሣሪያ እንግዳ ሆኖብኝ አያውቅም።

የጠላቂ ኮምፒውተር መኖሩን አልክድም። ኦርካ ኤጅ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣ ወዲህ፣ ጥልቀቱን እየለካ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟውን፣ በፍጥነት ሲወጡ የሚጎዳውን ናይትሮጅን የሚያሰላ ኮምፒውተር ቀስ በቀስ በየጠላቂው እጅ ገብቷል። ሰዓቴ ይህን አያደርግም፤ ጥልቀት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ጥሩ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር እለዋለሁ። ውድ ሰዓት አስሮ መተንፈሻውን ግን ከተገኘበት የሚከራይ ሰው አይቻለሁ፤ አልወደድኩለትም። ሰዓት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ከመጣ በኋላ ግን ቦታው እጅ ላይ፣ ውኃ ውስጥ ነው።

ባለፈው ጥር ሳቲል ላይ ነበርን። ሳቲል እ.ኤ.አ. በ1994 ለጠላቂዎች መጎብኛ እንዲሆን ሆን ተብሎ እንዲሰጥም የተደረገ የእስራኤል ባሕር ኃይል የሚሳይል ጀልባ ነው። በጥር ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ወፍራም ልብስ እንለብሳለን፤ የሰዓቱ ማሰሪያ ከእጅጌው በላይ እንዲታሰር መቆለፊያው ውስጥ የታጠፈች ማስረዘሚያ አለችው፣ እርሷን ዘርግቼ ነበር። 22 ሜትር ላይ፣ የጀልባውን የኋላ ክፍል እየዞርን ሳለ፣ በሌላው እጄ ላይ ያለው ኮምፒውተር ጨለመ። ባትሪውን ለመለወጥ ሁለት ሳምንት ያዘገየሁት እኔው ነኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ 17 ደቂቃ። ከ22 ሜትር በላይ ጥልቀት አልወረድንም ነበር። ፓዲ በተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት በተማርኩበት ሠንጠረዥ 22 ሜትር ላይ የሚፈቀደው 37 ደቂቃ እንደሆነ በቃሌ አውቃለሁ። ስለዚህ ናይትሮጅኑ አላሰጋኝም። ለጓደኛዬ እንውጣ የሚለውን ምልክት ሰጠሁት፤ ቀስ ብለን ወጣን፤ ናይትሮጅኑ እንዲወጣ 5 ሜትር ላይ ቆመን የጥንቃቄውን ሦስት ደቂቃ በእኔ ሰዓት ቆጠርን።

ሰዓቱ ሕይወቴን አተረፈ አልልም፤ የጓደኛዬ ኮምፒውተር ይሠራ ነበር። ነገር ግን መስታወቱ ሲጨልም የመጀመሪያው ድንጋጤ የሚያስወጣውን ትንፋሽ የጠለቀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያ ቁጥር እዚያ መኖሩ ትንፋሼን መለሰልኝ። ውኃ ውስጥ ደግሞ የረጋ ትንፋሽ ማለት የተረፈ አየር ማለት ነው።

ሰዓቱን የሸጠልኝ ሰው 11 ዓመት ካዝና ውስጥ አስቀምጦት ነበር። አንድ ጭረት እንኳ አልነበረውም፤ ሰውየውም በዚህ ይኮራ ነበር። ወደ ባሕር ከማስገባቴ በፊት ለግፊት ፍተሻ ወሰድኩት፤ አላለፈም። ማንም ይሥራው ማን፣ በጀርባ ክዳኑና በጎኑ ባለው ቁልፍ፣ በመሙያው፣ ዙሪያ የሚገባው የጎማ ማሸጊያ በዕድሜ ይደርቃል፤ ካዝና ውስጥ ቢቀመጥም ይደርቃል። ውስጡ ያለው ዘይትም እንዲሁ። ሰውየው ሰዓቱን ስላልተጠቀመበት መታደስ ያለበት አልመሰለውም ነበር። የጠላቂ ሰዓት የዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይሶ 6425 የሚባለው፣ ሰዓቱ ከተጻፈበት ጥልቀት 25 በመቶ የበለጠ ግፊት እንዲችል፣ በጨለማም ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንዲነበብ ያዛል። ፊቱ ላይ የተጻፈው 300 ሜትር ግን ማሸጊያው ጤነኛ ሳለ የተገባ ቃል ነው። በዚያ ቀን ወደ ውኃ ይዤው ብገባ ኖሮ ጨው ውስጡ ይገባ ነበር።

ማሸጊያው ተለወጠ፣ ማሽኑ ታጥቦ አዲስ ዘይት ተቀባ፣ ፍተሻውንም አለፈ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አስፈትሸዋለሁ። ከባሕር በወጣሁ ቁጥር በቧንቧ ውኃ አጥበዋለሁ፤ እርጥብ ሳለ መሙያውን አልነካም። አዳሹ «ጭረቶቹን ላጥፋልህ» ሲለኝ እንቢ አልኩ፤ ብረት በተላገ ቁጥር ይሳሳል። ለእኔ መጠቀም ማለት ይህን ሁሉ የሚጨምር ነው። የሚጠልቅበት ሰው ማሸጊያውን አይረሳም፤ የሚረሳው ያስቀመጠው ነው።

ዋጋው ይወርዳል ይሉኛል። ይወርዳል፤ ልሸጠው አላሰብኩም። ሌባ በሚበዛበት ከተማ የሚኖር ሰው ቤቱ ቢደብቀው አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን ሰዓት፣ መለዋወጫው የማይገኘውን፣ ማንም ወደ ባሕር እንዲያስገባ አልመክርም፤ እርሱ ሥራውን ጨርሷል። የእኔ ግን ገና ነው።

ለሰግድ በዓል ቂርያት ጋት አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቡና እየተፈላ ሳለ ሰዓቱን ከእጄ ላይ አዩት።

«ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ውኃ ውስጥ የቆየሁበትን ይቆጥራል፣ አባባ። እስቲ ይዩት።»

አውልቄ ሰጠኋቸው። ዋጋውን አልጠየቁም። መጀመሪያ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ ከዚያ እንደ ድሮው አገላበጡት። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በቀለበቱ ጠርዝ ላይ፣ ባለፈው ዓመት ኮራል ድንጋይ የቧጨረው ቦታ ላይ አኖሩ፤ ቀስ ብለው አሄዱት፤ እንደገና መለሱት።

«ታርሶበታል» አሉ።

ቡናው ቀረበ። እርሳቸው ግን ሰዓቱን አላስቀመጡም።

«ወደ ባለ እጁ የሚመለሰው መቼ ነው?»

«ለመጋቢት፣ አባባ።»

«እንዳታሳልፈው» አሉኝና በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው መለሱልኝ።