የአያቴ መሳቢያዎች

ዛሬ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የአያቴን ዕቃ ስናስተካክል ዋልን። ቶሎ የሚያልቅ መስሎን ነበር። አንድ መሳቢያ በተከፈተ ቁጥር ግን ወሬ ይነሳል፤ ሥራው ይቆማል።

አያቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች የስፌት መኪና ነው። ዓይኗ ሲደክም መርፌ ውስጥ ክር እንድናስገባላት እኛን የልጅ ልጆቿን ትጠራለች። ከዚያ ምርቃት ይከተላል። ረጅም ምርቃት! ለጨዋታ የቸኮለ ልጅ «አሜን» እያለ በሩን በሩን ያያል።

ጸሎቷም እንደዚያው ነበር። ሰው ሳይነሳ ተነስታ ሁላችንንም በየስማችን ትጠራለች። ያስቀየመቻት ጎረቤት እንኳ አትቀርም። እናቴ አንድ ቀን «እሷ ደሞ ምን አድርጋልሽ ነው?» ብትላት፣ «ስላደረገችልኝ ነው እንዴ የምጸልየው?» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ገራገር ብቻ ነበረች ብል ግን አክስቴ ትስቅብኛለች። ስፌት የተማረችው ከአያቴ ነው። ትንሽ ከተንጋደደ «ፍቺው!» ነው፤ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅም።

መኪናዋን አክስቴ ወሰደች፤ በዚያ ማንም አልተከራከረም። መቀሷን ግን ሁላችንም «ለእኔ ነው ቃል የገባችልኝ» እያልን ነው። ክርክሩ ነገም ይቀጥላል።