የአፕሎቼ ጉድ

ዛሬ ጠዋት አፕሎቼ ሥር ቆሜ ቡናዬን ጠጣሁ። ሥር ያልኩት ወግ ነው እንጂ ከራሴ የሚበልጡት በአንድ ክንድ ቢሆን ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከችግኝ ጣቢያ ሦስት ገዛሁ። በጥቁር ፕላስቲክ ያሉ፣ እርሳስ የሚያካክሉ። አንዱን ከነፕላስቲኩ ቀበርኩት። አትሳቁ። ዝናቡ እየመጣ ነበር፣ የሚያግዘኝ ልጅም "ይበሰብሳል" አለኝ። ሲደርቅ ቆፍሬ አየሁት፤ ሥሩ መውጫ አጥቶ እንደ ክር ተጠቅልሏል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ችግኝ የሚፈጀው ክረምቱ ሳይሆን ጥቅምትና ኅዳር ነው። ደመናው ይገፈፋል፣ ሌሊቱ ጥርት ይላል፣ ከዚያ ውርጩ። አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ ሣሩ ነጭ ሆኗል። የችግኞቹ ለጋ ቅጠል ደግሞ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ወዲያ አራት አራት እንጨት ተክዬ፣ ማታ ማዳበሪያ አለብሳለሁ፣ ጠዋት እገልጣለሁ። "እኔን እንኳ እንዲህ ደርበሽልኝ አታውቂም" አለች እናቴ።

በሦስተኛው ዓመት አበቡ። ነጭ ሆኖ ሮዝ ጣል ያለበት አበባ፣ ንቡ ግጥም ብሎበት። ከዚያ ረገፈ። አንድ ፍሬ የለም! በአራተኛውም እንዲያው። ፍግ ጨመርኩ። የሰው ዓይን ነው ብዬም ሳልጠረጥር አልቀረሁም።

በመጨረሻ አንድ የግብርና ባለሙያ አይቶ ሳቀብኝ። ሁለቱም "አና" የሚባለው ዝርያ ናቸው። አና ደህና አድርጎ እንዲያፈራ የሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ይፈልጋል፤ "ዶርሴት ጎልደን" አብሮት ስለሚያብብ ይስማማዋል። ምስኪን ንቦች ለካ ከአና ወደ አና ነው ሲመላለሱ የከረሙት። ሲሸጡልኝ ይህን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? አሁንም ያበግነኛል።

የኔ ግቢ ጠባብ ነው። ዶርሴቱን ገዝቼ ለጎረቤቴ ለእማማ ሰጠኋቸው። አጥሩ ጥግ ተከሉት፤ በግ እንዳይቀጥፈው በእሾህ ከበቡት።

ዘንድሮ ሦስቱም እኩል አበቡ። አሥራ አራት ፍሬ ቆጠርኩ። ትናንት እማማ ዘንቢል ይዘው መጡ።

"የምን ዘንቢል ነው እማማ?"

"አባትየው እኔ ግቢ አይደል እንዴ!" አሉና ትልቁን መርጠው ቀነጠሱ።