ስህተቱን ከተጠቃሚው ስደብቅ ከራሴም ደበቅኩት

ነገሩ የጀመረው በአንድ ስክሪንሾት ነው። ዌብሳይታችንን የሚጠቀም ሰው ላከልኝ። ገጹ ላይ የፒኤችፒ (ሳይቱ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) ስህተት ተዘርግፏል፦ የፋይሎቹ ስም፣ የመስመር ቁጥሩ፣ ከዚያም የዳታቤዙ ፓስወርድ። ላብ አጠመቀኝ።

ዳታቤዙ ለጥቂት ደቂቃ አልገናኝ ብሎ ነበር። ፒኤችፒን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ፒዲኦ ግንኙነት ሲያጣ ኤክሴፕሽን፣ ማለትም ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት መልእክት፣ ይወረውራል፤ እኔ ደግሞ የሚይዘው ኮድ አልጻፍኩም። ከ8.2 በፊት የነበረው ፒኤችፒ ያልተያዘ ኤክሴፕሽን ሲያሳይ፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ለፈንክሽኑ (ለተጠራው የኮድ ክፍል) የተሰጠውን ሁሉ፣ ፓስወርዱንም ጭምር፣ አብሮ ያወጣ ነበር። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 15 ፊደላት ብቻ ነበር የሚያሳየው። የእኔ ፓስወርድ ግን አጭር ነበር።

ፓስወርዱን ቀየርኩና ስህተት በገጹ ላይ እንዳይታይ ዲስፕሌይ ኤረርስ የሚባለውን ቅንብር አጠፋሁ። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። በሳምንቱ ሌላ ገጽ ባዶውን ቀረ። ስህተቶች የሚመዘገቡበትን ፋይል፣ ሎጉን፣ ልይ ብል ምንም የለም። ለካ ስህተትን ሎግ ላይ የሚያስጽፈው ቅንብር፣ ሎግ ኤረርስም፣ ተዘግቶ ኖሯል። አንዱን ሲያጠፉ ሌላውን መክፈት እንዳለብኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። መግቢያው ፋይል ላይ ሁሉንም ኤክሴፕሽን በሚይዘው ትራይ-ካች አቀፍኩት፤ ስህተት ሲመጣ «ይቅርታ፣ ችግር ገጥሞናል» የሚል ቆንጆ ገጽ ይወጣል። ግን ሰርቨሩ ከገጹ ጋር የሚልከውን የምላሽ ኮድ «ሰርቨሩ ላይ ስህተት አለ» ወደሚለው 500 አልቀየርኩትም፣ 200 ሆኖ ቀረ። 200 ማለት «ሁሉም ሰላም ነው» ማለት ነው። ሳይቱን የሚከታተለው ፕሮግራም ይህን አምኖ ዝም አለ። ገጾችን ቀድቶ ይዞ መልሶ የሚያቀርበው ካሹም ይቅርታውን እንደ ትክክለኛ ገጽ ቆጥሮ አስቀመጠው። የፕሮግራሙን ስህተት ካስተካከልኩ በኋላ እንኳ ሰው ይቅርታ እየተጠየቀ ነበር! ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ የመጀመሪያው ቢያንስ ራሱን አሳይቷል።

አሁን ስህተት ሲፈጠር ገጹ 500 ይልካል፣ ካሽ እንዳይደረግም ይናገራል፣ አንድ አጭር መለያ ቁጥርም ያሳያል። ያው ቁጥር ሎጉ ውስጥ ከሰዓቱ፣ ከገጹ አድራሻና ስህተቱ በየትኛው ኮድ በኩል እንደመጣ ከሚያሳየው ሙሉ ትሬስ ጋር ይጻፋል። ሰው «አልሠራም» ብሎ ሲጽፍልኝ ቁጥሩን ብቻ እጠይቃለሁ። ሜሞሪ ሲያልቅ የሚመጣውን ዓይነት ስህተት ግን ትራይ-ካች አይዘውም። ለእሱ ስክሪፕቱ ሲዘጋ የሚጠራ ፈንክሽን አስመዝግቤ፣ የመጨረሻውን ስህተት እዚያ አነባለሁ።

ስህተት ሲፈጠር ማስጠንቀቂያ በኢሜይል እንዲደርሰኝ አደረግኩ። አንድ ሌሊት ስህተት ያለባት አንዲት የኮድ መስመር ኢሜይሌን አጥለቀለቀችው። ተናድጄ ማስጠንቀቂያውን ዘጋሁት፣ ማግስቱን ደግሞ እውነተኛው ችግር አመለጠኝ። አሁን ከአንድ ፋይልና መስመር የሚመጣው በሰዓት አንዴ ብቻ ይላክልኛል፣ ስንቴ እንደተደጋገመ ጨምሮ።

ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ በሙከራው ሰርቨር ላይ ዳታቤዙን ሆን ብዬ ዘጋሁት። የይቅርታው ገጽ ራሱ ወደቀ። ከላዩ ያለውን ሜኑ የሚያመጣው ከዳታቤዝ ነበር። አሁን ተራ ኤችቲኤምኤል ፋይል ነው፤ ሜኑም የለው፣ ሎጎም የለው።