ስፔሊንጌ ሊያስጥለኝ ነበር፦ ባሎት ላይ ሳልገባ የተወዳደርኩበት ፕራይመሪ

2022 ሜይ ላይ ፊላደልፊያ ውስጥ በፕራይመሪው (ፓርቲዎች የራሳቸውን ሰው የሚመርጡበት ምርጫ) ለኮሚቲ ፐርሰን ተወዳድሬ ነበር፣ ያውም ስሜ ባሎቱ (የተወዳዳሪዎች ስም ያለበት የምርጫ ዝርዝር) ላይ ሳይኖር። ኮሚቲ ፐርሰን የሰፈር የፓርቲ ተወካይ በሉት፣ ከተማው 66 ዋርድ (የምርጫ ቀጠና በሉት) አለው፣ ዋርዱ ደግሞ በትንንሽ ዲቪዥን ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ዲቪዥን በየ4 ዓመቱ በፓርቲ 2 ሰው ይመርጣል። ደሞዝ የለውም።

ባሎት ላይ ያልገባሁት በራሴው ጥፋት ነው። የሚፈለገው 10 ፊርማ ብቻ ነበር፣ እኔ 12 ሰብስቤ ተረጋግቼ ተቀምጫለሁ፣ ለካ ፈራሚው የዲቪዥኑ ነዋሪ መሆኑ አይበቃም፣ እዛው ፓርቲ ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለበት። ከ12ቱ 4ቱ አበሾች ዜግነት አግኝተው ሲመዘገቡ "ፓርቲ የለኝም" የሚለው ላይ ነው ምልክት ያደረጉት (የኛ ሰው ፖለቲካን ከሩቁ ነዋ!)። ይሄን ሳውቅ የማስገቢያው ቀን አልፏል። ፕራይመሪው ዝግ ስለሆነ፣ ማለትም በፓርቲው የተመዘገበ ሰው ብቻ ስለሚመርጥ ደግሞ እነሱ እኔን መምረጥም አይችሉም፣ ከምርጫው 15 ቀን በፊት ካልቀየሩ በስተቀር። ሁለቱን ለምኜ አስቀየርኳቸው።

የቀረኝ ራይት ኢን ነው፣ መራጩ ራሱ ስሜን ይጽፋል ማለት ነው። ፔንሲልቬንያ ላይ አስቀድሞ የሚሞላ ፎርም የለም፣ ግን ፕራይመሪ ላይ ለማሸነፍ ቢያንስ በፊርማው ልክ ድምፅ ማግኘት አለብህ፣ ለኔ 10 ማለት ነው። ይሄ የኛ ስቴት ሕግ ነው እንጂ ሁሉም ቦታ አይሰራም፣ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ "እኔም ልሞክር" ሲለኝ ባይ እዛ ፕራይመሪ ላይ ራይት ኢን ጭራሽ አይፈቀድም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ይፈቀዳል ግን ከምርጫው 14 ቀን በፊት ወረቀትህን ካላስገባህ ድምፁን አይቆጥሩልህም፣ ዲሲ ላይ ከምርጫው በኋላም ፎርም ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ሳይሆን የራሳችሁን ስቴት አንብቡ።

የምርጫው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከጣቢያው በር ውጭ ቆምኩ፣ 10 ጫማ መራቅ ግዴታ ነው። ስሜን በትንንሽ ወረቀት ላይ ፕሪንት አድርጌ አድያለሁ፣ ችግሩ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ ከተው ይገባሉ። ማሽኑ ትልቅ ስክሪን ነው፣ ራይት ኢን የሚለውን ስትነኩት ኪቦርድ ይመጣል። እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ቆይተው ቆይተው ወጡና "አንቺ፣ ያንቺ ስም እኮ በፈረንጅኛ አያልቅም!" አሉኝ።

ለካ እውነታቸውን ነው። ስሜ ፀሐይ ነው። ውጤቱ ሲወጣ 17 ሰው ጽፎልኛል፣ ግን እንደ አንድ ሰው አልተቆጠርኩም፣ እያንዳንዱ ስፔሊንግ እንደ ሌላ ሰው ነው የተቆጠረው፣ "ቲ ኤስ" ብሎ የሚጀምረው 8፣ "ቲ"ውን ጥሎ በ"ኤስ" የጀመረው 4፣ መጨረሻው ላይ በ"ዋይ" ፈንታ "አይ" ያደረገው 2፣ አንዱ "ቲ ዜድ" ብሎኛል፣ ሁለቱ የአባቴን ስም ትተው ፀሐይ ብቻ። 17 ድምፅ ይዤ 10 አልሞላሁም! በ2002 የዲሲው ከንቲባ አንቶኒ ዊሊያምስም የተሰበሰበላቸው ፊርማ ተበላሽቶ ከባሎት ወጥተው በራይት ኢን ፕራይመሪውን አሸንፈዋል፣ ግን አንቶኒን ማን ይሳሳታል።

መፍትሄው የተለያዩት ስፔሊንጎች የአንድ ሰው ስለሆኑ ይደመሩልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው፣ ቀኑ አጭር ስለሆነ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንም፣ እኔ ሥራ ቀርቼ ነው የሮጥኩት። ዳኛዋ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እያነበበች "ይሄም አንቺ ነሽ?" ስትለኝ "አዎ፣ እሱም እኔ ነኝ" እያልኩ፣ "ቲ ዜድ" ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ሳቅን። "ፀሐይ ብቻ" የሚሉትን ሁለቱን አልሰጠችኝም፣ 15 ተደመረልኝ።