«ሲስተር፣ ቫይታሚን ዲው ስንት ሆነ?»

የምሠራው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ነው። እናቶች ከክብደት ቀጥሎ አጥብቀው የሚጠይቁኝ የቫይታሚን ዲ ውጤት ሆኗል። ወረቀቱ ላይ 12 ናኖግራም የሚል ቁጥርና ወደ ታች የምትጠቁም ቀስት ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጣል። «በእርግዝናዬ ፀሐይ ስላልሞቅኩ ነው አይደል?» ትለኛለች አንዷ።

ልጁ ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ቫይታሚን ዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ የወሰደው ነው። የእሷ ካነሰ የእሱም ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ስንቅ የሚቋጠረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ካልሲየሙና ፎስፎረሱም ቢሆን 80 በመቶ ያህሉ የሚገባው ያኔ ነው። በ28 ሳምንቱ የመጣ ልጅ ስንቁ ሳይሞላ መንገድ የጀመረ ነው፤ እናቱን ጥፋተኛ የሚያደርግ ነገር አይታየኝም።

«ታዲያ መስኮቱ ሥር እናድርገው?» ይሉኛል። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገውን የፀሐይ ጨረር የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል። ለቢጫነት የምናበራው ሰማያዊ መብራትም ጨረሩ ሌላ ስለሆነ ለዚህ አይረዳም። የእናት ጡት ወተት ደግሞ፣ ለሌላው ነገር ሁሉ ወደር ባይገኝለትም፣ ቫይታሚን ዲው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠብታ እንሰጣለን።

ስልካቸው ላይ አንብበው የሚመጡም አሉ፤ «ቫይታሚን ዲው ያነሰ ልጅ ሳንባው ይታመማል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል» የሚል። ሁለቱ አብረው እንደሚታዩ ያሳዩ ጥናቶች በእርግጥ አሉ። ግን ቀድሞ የተወለደው ልጅ ቫይታሚን ዲውም ያንሳል፣ ሳንባውም ገና አልበሰለም። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ከዚህ ብቻ መፍረድ ከባድ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሕንድ ጥናት በቀን 400 እና 800 ዩኒት (የቫይታሚን ዲ መለኪያ) የወሰዱ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን አነጻጽሮ ነበር። 800 የወሰዱት ዘንድ እጥረቱ ቀነሰ፤ የአጥንት ማዕድናቸው ግን ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ አልተገኘም።

አጥንት ካነሳን አይቀር፣ እኔ ከቫይታሚን ዲው ይበልጥ ዓይኔን የምጥለው ፎስፎረስና አልካላይን ፎስፋቴዝ (አጥንት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚል ኢንዛይም) ላይ ነው። የእነዚህ ልጆች አጥንት የሚሳሳው በአብዛኛው በካልሲየምና በፎስፎረስ እጦት ነው፤ ምልክት ሳያሳይም ሊቆይ ይችላል። ለጡት ወተቱ ማበልጸጊያ የምንጨምረውም ለዚሁ ነው። ማዕድኑ ሳይኖር ቫይታሚን ዲ ብቻውን አጥንት አይሠራም።

መጠኑ ላይ ሐኪሞቹም አንድ ቃል የላቸውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ1,500 ግራም በታች ለሆኑት በቀን ከ200 እስከ 400 ዩኒት ሲል፣ የአውሮፓዎቹ ሐኪሞች የ2010 እ.ኤ.አ. ምክር ከ800 እስከ 1,000 ነበር። ስለዚህ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ልጅ ከሌላ ሆስፒታል የተለየ ትእዛዝ ይዞ ቢመጣ አትደንግጡ።

እኔን የሚያስደነግጠኝ ጠብታው ቤት ከገባ በኋላ ያለው ነው። አንዱ ጠርሙስ 400 ዩኒቱን በ1 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ሌላው ያንኑ 400 በአንዲት ጠብታ። የሁለተኛውን ጠርሙስ በመጀመሪያው መምጠጫ ሞልቶ የሚሰጥ ሰው ልጁን ከታዘዘለት እጥፍ ድርብ እያጠጣው ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ይላል፤ ልጁ ያስመልሳል፣ መጥባት ይጠላል፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ ነው ወደ ቤት ሲሄዱ ጠርሙሱን ከነካርቶኑ አምጡልኝ የምለው። መጠኑ በማይክሮግራም ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁት 10 ማይክሮግራም ማለት 400 ዩኒት ነው። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ ዓይነት ከገዛችሁ ከአሮጌው መምጠጫ ጋር አታቀላቅሉት። የዱቄት ወተት ከጀመራችሁም ቆርቆሮውን ይዛችሁ ኑ፤ እሱ ውስጥም ቫይታሚን ዲ ስላለ ሐኪሙ ጠብታውን ሊቀንስ ይችላል።